ስለ ጥንታዊ ዕቃዎች አጠጋገን፤ በሸብ፥ በሬንጅና በክር ላይ የቀረበ ትችት

አንድ ጥንታዊ ዕቃ ተጠግኖ በሙዚየም መስታወት ውስጥ ሲቀመጥ ተመልካቹ የሚያየው የጥገናውን ፍጻሜ እንጂ ጥገናው የተሠራበትን ነገር አይደለም። የተሰነጠቀው ተገጥሞ፥ የላላው ጠብቆ ካገኘው «መልካም ተሠርቷል» ብሎ ያልፋል። እኛም ይህን ጥናት ከመጀመራችን በፊት የምንፈርደው እንደዚሁ ነበር። ነገር ግን ስለ ጥቂት የታወቁ ጥገናዎች ከመረመርን በኋላ ፍርዳችንን መለወጥ ግድ ሆነብን። ጥገና መመዘን ያለበት በተፈጸመበት ዕለት ባለው መልኩ ሳይሆን ከሃምሳና ከመቶ ዓመት በኋላ በዕቃው ውስጥ በሚሠራው ሥራ ነውና።

በዚህ ጽሑፍ ሦስት ዓይነት ጥገናዎችን እንመለከታለን። የመጀመሪያው በሰሜን አውሮፓ በእንጨት ላይ፥ ሁለተኛው በላሊበላ በዐለት ላይ፥ ሦስተኛው በአገራችን ብራናዎች ላይ የተደረገው ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የጻፍነው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

በ1904 ዓ.ም. በኖርዌይ አገር ኦስበርግ በተባለ ቦታ አንድ የመቃብር ጉብታ ተቆፈረ። በውስጡም በ834 ዓ.ም. ከሁለት ሴቶች አስከሬን ጋር የተቀበረ መርከብ ተገኘ። ከመርከቡ ጋር አንድ ጋሪ፥ በበረዶ ላይ የሚጎተቱ አራት ተንሸራታቾችና የአውሬ ራስ የተቀረጸባቸው ምሰሶዎች ነበሩ። መርከቡ የተሠራው ኦክ ከሚባለው ጠንካራ እንጨት ስለሆነ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ቅርጹን ጠበቀ። ከቀሩት ዕቃዎች ብዙዎቹ ግን ከሌላ ዓይነት እንጨት የተሠሩና ክፉኛ የተጎዱ ነበሩ። ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ በእርጥብ መሬት ውስጥ የኖረ እንጨት ሥጋው አልቆ በቦታው የሚገኘው ውሃ ነው። ስለዚህ ውሃው በደረቀ ጊዜ እንጨቱ ይጨማደዳል፤ ይሰነጣጠቃል፤ የተቀረጸበትም ምስል ይጠፋል።

ጠጋኞቹ ይህን ለመከላከል የመረጡት በዴንማርክ ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ ይሠራበት የነበረውን ዘዴ ነው። ይኸውም አሉም የተባለውን ጨው፥ በእኛ አጠራር ሸብን፥ በውሃ አሟሙቶ እስከ 90 ዲግሪ ያህል ማሞቅና እንጨቱን በውስጡ መንከር ነው። ውሃው ሲቀዘቅዝ ሸቡ በእንጨቱ ውስጥ ይረጋና እንደ ምሰሶ ደግፎ ይይዘዋል። ከዚህ በኋላ እንጨቱ ደርቆ የተልባ ዘይት ጠጣ፤ በላዩም ቫርኒሽ ተቀባ። የተሰባበረው ሁሉ ተገጣጥሞ በሙዚየም ሲቆም ያየ ሰው ሥራውን ማድነቁ አልቀረም።

ነገር ግን ሸብ በውሃ ውስጥ ሲሞቅ ሰልፈሪክ አሲድ እንደሚያወጣ በኋላ ታወቀ። አሲዱ ከእንጨቱ ጋር አብሮ ገባ፤ ሥራውንም በዝምታ ቀጠለ። የእንጨቱ ኮምጣጤነት ፒኤች በተባለው መለኪያ ሲለካ 1 ያህል የሆነበት ስፍራ አለ፤ ይህም ከሎሚ ጭማቂ ይልቅ የሚኮመጥጥ ማለት ነው። ስለዚህ ከውጭ ሲያዩት የጸና የሚመስለው ዕቃ ከውስጡ እየፈረሰ ነው። በ2014 ዓ.ም. የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ለዚሁ ጉዳይ የተለየ የምርምር ሥራ አቋቁሟል። ይሁን እንጂ ሸቡን አጥቦ ማውጣት ቀላል አይደለም፤ የተጎዳውን እንጨት ደግፎ የያዘው ያው ሸብ ስለሆነ፥ ሲወጣ ዕቃውም አብሮ ሊበተን ይችላል። መድኃኒቱና በሽታው አንድ ሆነው ተገኙ።

እዚህ ላይ በችኮላ እንዳንፈርድ መጠንቀቅ ይገባናል። እነዚያ ጠጋኞች ሰነፎች አልነበሩም፤ በዘመናቸው የታወቀውን ከሁሉ የተሻለ ዘዴ ተጠቅመዋል። ሸቡም ባይኖር ኖሮ ዛሬ የምንነጋገርባቸው ተንሸራታቾች ከመሬት በወጡ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ጠፍተው ይቀሩ ነበር። ስለዚህ ትችታችን በሰዎቹ ላይ ሳይሆን፥ አንድ ጥገና ዕቃውን ለጊዜው ስላቆመው ብቻ ጥያቄው ሁሉ ተመለሰ በሚለው አሳብ ላይ ነው።

በጎረቤት አገር በስዊድን የተደረገው ደግሞ ጉዳዩን ሌላ መልክ ይሰጠዋል። ቫሳ የተባለው የጦር መርከብ በ1628 ዓ.ም. በመጀመሪያ ጉዞው ከስቶክሆልም ወደብ ብዙ ሳይርቅ ሰጠመ፤ በ1961 ዓ.ም. ከባሕር ወጣ። በዚህ ጊዜ ሸብ ተትቶ ፖሊኢትሊን ግላይኮል የተባለ ሰም መሰል ነገር በውሃ እየተበጠበጠ ለ17 ዓመት ያህል ተረጨበት። ይህም መርከቡ እንዳይጨማደድ በመከላከል ረገድ ያሰቡትን ሠርቷል። ሆኖም በ2000 ዓ.ም. ከእርጥብ የበጋ ወራት በኋላ በእንጨቱ ላይ ነጭና ቢጫ የአሲድ ጨው ፈልቶ ታየ። መርከቡ በቆየበት የቆሸሸ ወደብ ከውሃው የገባው ድኝ ከብረት ዝገት ጋር ተባብሮ አየር ሲያገኝ አሲድ ሆኖ ነበር። በ1960ዎቹም መርከቡን ለማጠንከር ተብለው የገቡት የብረት ብሎኖች ራሳቸው ዝገው ስለነበር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በማይዝግ ብረት እንዲለወጡ ተደረገ።

ከቫሳ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፥ የጥገና ዕቃ ማለት ትልቁ መድኃኒት ብቻ አይደለም፤ ብሎኑም፥ ቀለሙም፥ የሚቀመጥበትም አየር ጭምር ነው። ሁለተኛ፥ ሊቃውንቱ ደጋግመው «ጥገና ሊፈታ የሚችል መሆን አለበት» ይላሉ፤ አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን በእንጨት ጅማት ውስጥ ለ17 ዓመት የገባን ነገር እንዳልገባ አድርጎ የሚያወጣው ማን ነው? መፈታት የሚለው ቃል በወረቀት ላይ እንደሚቀለው በሥራ ላይ አይቀልም። ስለዚህ እኛ «ሊፈታ ይችላልን?» ከሚለው ጥያቄ አስቀድሞ «ይህን ያህል ማስገባት ያስፈልጋልን?» የሚለው ሊጠየቅ ይገባል እንላለን።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ እንዳይመስል ወደ ላሊበላ እንመለስ። በ1954 ዓ.ም. በተደረገው ጥገና አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ ለመከላከል ተብሎ በዐለቱ ላይ ሬንጅ ተቀባ፤ በሬንጁም ላይ የዐለቱን መልክ እንዲመስል ቀይ ቀለም ተደረበ። አሳቡ ለጊዜው የሚያሳምን ይመስላል፤ የሚያፈስ ጣራ በሬንጅ ይደፈናልና። ዳሩ ግን የላሊበላ ሕንፃ ጣራና ግድግዳው ከተራራው ያልተለየ አንድ ዐለት ነው። እርጥበት ከላይ በዝናብ ብቻ ሳይሆን ከሥር ከመሬቱም ይገባበታል። ዐለቱ የጠጣውን ውሃ የሚተነፍስበት ፊቱ ሲደፈን ውሃው ከሬንጁ በስተኋላ ታፍኖ ይቀራል፤ ድንጋዩንም ከውስጥ ይበላዋል። ሬንጁ የዝናቡን በር ዘጋ ሲባል የመውጫውንም በር አብሮ ዘጋ። ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ ሳንድሮ አንጄሊኒ በተባለው ጣሊያናዊ አርክቴክት መሪነት ሌላ ጥገና ሲካሄድ አንዱ ታላቅ ድካም ይህንኑ ሬንጅ መልሶ ማንሣት ነበር። በአንድ ዘመን ሁለት ጊዜ ተደከመ፤ አንድ ጊዜ ለመቀባት፥ አንድ ጊዜ ለመፋቅ።

በ2008 ዓ.ም. በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ የቆመው ታላቅ መጠለያ በመርሕ ረገድ ከሬንጁ ይሻላል። ዐለቱን አይቀባም፤ በዐለቱም ውስጥ አይሰርግም፤ ሲፈለግ ሊነሣ ይችላል። ሆኖም ካህናቱና የከተማው ሕዝብ ክብደቱንና የነፋሱን ኃይል በማሰብ ስጋታቸውን ሲገልጹ ቆይተዋል፤ ይህ ስጋት እንደ ተራ ወሬ የሚናቅ አይደለም። ጊዜያዊ ተብሎ የተሠራ ነገር የሚነሣበት ቀን አብሮት ካልተወሰነ ጊዜያዊነቱ በስሙ ብቻ ይቀራል።

አሁን በእጃችን ወዳለው ወደ ብራና እንምጣ። ብራና ቆዳ ነው፤ ከተፋቀና ከተወጠረም በኋላ የቆዳነት ጠባዩ አይለቀውም። እርጥበት ሲያገኝ ይለጠጣል፤ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ከውሃ ጋር ሙቀት ቢያገኘው ኮምትሮ እንደ ሙጫ ይሆናል። የአገራችን ጥቁር ቀለም በአብዛኛው ከጥላሸት የተሠራ ስለሆነ፥ በአውሮፓ እንደሚገኘው በብረት የተሠራ ቀለም ቅጠሉን በልቶ አይቀዳውም። ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ነገር ግን ቀለሙ በቆዳው ፊት ላይ የተቀመጠ ነው፤ ስለዚህ የሚጣበቅበት ነገር ሁሉ ሲነሣ ፊደሉን ይዞ ሊነሣ ይችላል።

ስሙን በማንጠቅሰው በአንድ የመጻሕፍት ስብስብ ውስጥ የተቀደደ የዳዊት ቅጠል ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር በሚገዛ ግልጽ ፕላስተር ተለጥፎ አይተናል። የለጠፈው ሰው መጽሐፉን መውደዱ አያጠራጥርም። ነገር ግን ፕላስተሩ ቢጫ ሆኗል፤ ሙጫው ወደ ብራናው ሰርጓል፤ ጠርዙም አቧራ ሰብስቧል። ከመካከላችን አንዱ በጥፍሩ ሊያነሣው ጀመረ፤ የአንድ ፊደል እግር ተነሥቶ በፕላስተሩ ላይ ሲቀር አይተን እጃችንን ሰበሰብን። ከኦስበርግ ሸብ ይህ በምን ይለያል? በመጠኑ ካልሆነ በቀር በምንም አይለይም።

በዚያው መጽሐፍ ግን ከጥቂት ቅጠል በኋላ ሌላ ስንጥቅ ነበረ፤ ይኸኛው በቀጭን ክር የተሰፋ ነው። ብራና ፋቂዎቻችን ቆዳው ሲወጠር የሚከፈተውን ቀዳዳ በመርፌ ይሰፉታል፤ ቆይቶ የተቀደደውንም ቅጠል ባለ መጽሐፉ ወይም ደጓሹ እንደዚሁ ይሰፋዋል። ስፌቱ አያምርም፤ ለመስታወት ሣጥን አይሆንም ይባል ይሆናል። ነገር ግን ክሩን በመቀስ ቢቆርጡት ቅጠሉ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ በቆዳው ውስጥ የሚቀር አሲድ የለም፤ የተጠገነውና ያልተጠገነውም በዓይን ይለያል። ሊቃውንቱ ዛሬ ከጥገና የሚሹት ጠባይ በዚህ ስፌት ላይ አለ።

ይህን ስንል የጥንቱ ሁሉ መልካም ነው ማለታችን አይደለም። መርፌው አዲስ ቀዳዳ ያወጣል፤ ክሩም እጅግ ከጠበቀ ብራናው በደረቀ ጊዜ በቀዳዳው በኩል ይተረተራል። እንደገና ሲጠረዝ ኅዳጉ የተከረከመ መጽሐፍም ጥቂት አይደለም። በወንጌል መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ቅጠሎች ላይ የርስትና የጉልት ጉዳይ ይጻፍ እንደነበረ የታወቀ ስለሆነ፥ የተከረከመው ነጭ ቆዳ ብቻ ላይሆን ይችላል። የአባ ገሪማ ወንጌሎች ምስክር ናቸው። በራዲዮካርቦን ምርመራ ከቅጠሎቻቸው አንዳንዶቹ እስከ 6ኛውና እስከ 5ኛው መቶ ዓመት የሚደርስ ዕድሜ እንዳላቸው የተገመተው እነዚህ መጻሕፍት፥ ቅጠሎቻቸው ያለ ቦታቸው ተጠርዘው ነበር። በዚህ በ21ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተደረገው ጥገና ግን ሁለት ነገር ያስመሰግነዋል። መጻሕፍቱ ከገዳሙ አልወጡም፤ ጠጋኞቹ ወደ መጻሕፍቱ ሄዱ እንጂ። ሥራውም ባለቤቶቹ መነኮሳት እያዩት ተሠራ።

«መጽሐፍ የሚጻፍ ለመነበብ ነው፤ እንዲህ ከተፈራለት ማን ይገልጠዋል?» የሚል ሰው ይኖራል። ትክክል ነው። በየዕለቱ የሚነበብበት መጽሐፍ ጥገና ያስፈልገዋል፤ ጥገናውም ፈጣንና ርካሽ ሊሆን ይገባል። ነገር ግን ከስንዴ ስታርች የሚፈላ ንጹሕ ሙጫና ስስ የጃፓን ወረቀት ብዙ ወጪ የሚጠይቁ አይደሉም፤ መርፌና ክርም በየቤቱ አለ። የሚጎድለን ዕውቀቱን ከእጅ ሥራው ጋር የሚያገናኝ ሰው ነው። የኬሚስትሪ ተማሪ ብራና ሲፋቅ አላየም፤ ብራና ፋቂውም ስለ አሲድ የነገረው የለም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ ከመጽሐፉ በፊት ጣራው ይጠገን፤ የሚያፈስ ጣራና ፀሐይ የሚመታው መደርደሪያ ካልተስተካከለ የሚደረገው ጥገና ሁሉ ከንቱ ነው። ሁለተኛ፥ ለሚጠገነው ዕቃ የሚበቃው ትንሹ ነገር ይመረጥ። ሦስተኛ፥ የተጠገነ ዕቃ ሁሉ በምን፥ መቼና በማን እጅ እንደ ተጠገነ በወረቀት ተጽፎ ከዕቃው ጋር ይቀመጥ፤ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ጠጋኝ የእኛን ስሕተት ለማረም በመጀመሪያ ማወቅ አለበትና።

በመጨረሻው ጉዳይ ከራሳችን ጀምረናል። ያን የዳዊት ቅጠል የነካነው መቼ እንደሆነ፥ የትኛው ፊደል እንደተጎዳና ፕላስተሩ እስከ የት እንደተነሣ በአንድ ወረቀት ጽፈን ለመጽሐፉ ጠባቂ ሰጥተናል። የተነሣውም የፊደል እግር እስከ ፕላስተሩ እንዳለ ነው፤ የሚያውቅ እጅ እስኪመጣ ድረስ አልነካነውም።