አንድ ጆግ ውኃ

የኮንዶሚኒየም ቤቴን ባኞ ቤት ላድስ ስነሣ ሦስት ሠራተኞች መጥተው አዩልኝ። ሁለቱ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አሳዩኝ፤ ሴራሚኩ ያብረቀርቃል፣ የቧንቧው ላስቲክ ገና አልተላጠም። ሦስተኛው ፎቶ አልነበረውም። «ከአራት ዓመት በፊት የሠራሁት ከጀርባችን ብሎክ አለ፤ ባለቤቷ ከፈቀዱ ሄደን እንየው» አለኝ።

ባለቤቷ አዛውንት ናቸው። ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ «እትዬ፣ አንድ ጆግ ውኃ ይስጡኝ» አላቸው። ውኃውን ከማፍሰሻው በጣም ርቆ፣ በሩ ሥር ካለው ጥግ ላይ ለቀቀው። ውኃው ትንሽ ያመነታ መሰለና ቀጭን መስመር ይዞ ተነሣ፤ የሽንት ቤቱን መቀመጫ ዞሮ፣ የትም ሳይተኛ ማፍሰሻው ውስጥ ገባ። እኔ የወደድኩት ሥራ ይህ ነው። ወለሉን በዓይን ብታዩት ሜዳ ነው።

ተዳፋቱ በአንድ ሜትር ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ በጣም ካነሰ ውኃው ይተኛል፤ ከበዛም እግር ያውቀዋል። ችግሩ ሴራሚክ አለመታጠፉ ነው፤ ከአራት አቅጣጫ ወደ አንድ ጉድጓድ የሚወርድ ወለል ላይ ሙሉ ሴራሚክ ቢነጠፍ አንዱ ጫፍ መነሣቱ አይቀርም። ስለዚህ በማፍሰሻው ዙሪያ ያሉትን በሰያፍ ቆርጦ፣ እንደ ፖስታ ጀርባ አራት ሦስት ማዕዘን አድርጎ ገጥሟቸዋል። መገናኛዎቹ ላይ ጥፍሬን አስኬድኩ፤ የትም አልያዘኝም። እሱ ደግሞ ሳንቲም አውጥቶ ሴራሚኩን አንድ በአንድ አንኳኳ። ሥሩ ያልሞላ ሴራሚክ እንደ ባዶ ጣሳ ይጮኻል፤ የዚያ ቤት ወለል ግን ድምፁ ከዳር እስከ ዳር ድፍን ነበር።

ዋጋው ከሌሎቹ ይበልጣል፤ ተስማማን። በካሬ ሜትር ብቻ የሚከፈለው ሰው ቶሎ መሸፈን ቢያምረው አልፈርድበትም።

ቤቴ ሲገባ መጀመሪያ የነካው ቱቦዎቹን ነው። የፒፒአር ቱቦ ሁለቱ ጫፎች 260 ዲግሪ አካባቢ በጋለ ማሽን ቀልጠው ይጋጠማሉ። ሰከንዱን በለሆሳስ ይቆጥራል፤ ሲያገባው ቀጥ አድርጎ ነው፣ አያሽከረክርም። አንዱን መጋጠሚያ ለሁለት ሰንጥቆ ውስጡን አሳየኝ። ብዙ ከቀለጠ ወይም አለቅጥ ከተገፋ ፕላስቲኩ ወደ ውስጥ ከንፈር አውጥቶ መንገዱን ያጠባል። ውኃችን ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ በራሱ ክብደት ብቻ የሚወርድ በመሆኑ፣ እንዲህ ያለች ከንፈር ሻወር ሥር ስንቆም ትታወቃለች።

ወለሉንና የግድግዳውን ግርጌ ውኃ በማያሳልፍ ቅብ ሁለት ጊዜ ቀባው። ሲደርቅ ማፍሰሻውን ደፍኖ፣ በሩ ላይ እርከን ሠርቶ ወለሉን ውኃ ሞላውና እስከ ማግስቱ ተወው። በማግስቱ ታች ያሉትን ጎረቤቴን አስፈቅዶ ገባ። በባትሪ እያበራ መዳፉን ሶሌታው ላይ አሳረፈ፣ ከዚያም መዳፉን ዘርግቶ አሳየን። ደረቅ ነበር። የላይ ቤት ባኞ የታች ቤት ኮርኒስ ሲያበላሽ፣ ጎረቤትን ከጎረቤት ሲያኳርፍ ያየ ሰው ያቺን መዳፍ አይረሳም።

ሴራሚኩን ከሲሚንቶ በፊት በደረቁ ደረደረው። ክፍሉ ስፋቱ 1.60 ሜትር፣ ሴራሚኩ 30 በ30 ነው። ከአንዱ ግድግዳ ቢጀምር አምስት ሙሉ ሄዶ በሌላው ጥግ አሥር ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ይቀራል። እሱ አራት ሙሉ መሐል አስቀምጦ ግራና ቀኝ ሃያ ሃያ አደረገው። ከበሩ ላይ ሲያዩት ክፍሉ የሰፋ ይመስላል፤ ምክንያቱን ግን ካልነገሩት የሚያውቀው የለም።

በመጨረሻው ቀን በሩ ላይ ቆሜ አየዋለሁ። ረዳቱ አንድ ቁራጭ ቆርጦ አቀበለው። የተቆረጠው ጠርዝ የግድግዳው ሴራሚክ ሥር የሚገባ ነው። አውራ ጣቱን ከዳር እስከ ዳር አስኬደበት፣ አንድ ቦታ ላይ ቆመ፣ ሞረዱን አነሣ።