ውሃ የማይቀዳበት እንስራ

«ውሃ የማይቀዳበት እንስራ ምን ያረጋል?» የመግደሊን ኦዱንዶን ሥራዎች ፎቶግራፍ እየተቀባበልን ስናይ ከመካከላችን አንዱ የወረወራት ጥያቄ ናት። ሳቅን። ኋላ ግን ነገሩ አከራከረን፤ ይህችም አጭር ጽሑፍ የዚያ ክርክር ውጤት ናት።

ኦዱንዶ እ.ኤ.አ. በ1950 ናይሮቢ ተወለዱ፤ በ1971 ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ሄዱ። ከ1974 እስከ 1975 ናይጄሪያ ውስጥ በአቡጃ የሸክላ ማዕከል ቆይተው፣ ላዲ ክዋሊን ከመሳሰሉ ሴቶች ያለ መንኮራኩር፣ በእጅ ብቻ መሥራትን ተማሩ። አሠራራቸው እስከ ዛሬ ይኸው ነው። እንደ ገመድ የተድቦለቦለ ጭቃ እየደራረቡ ያቆማሉ፤ ይፍቃሉ፤ እስኪያበራ ያሻሉ። ሸክላው አየር እያገኘ ሲተኮስ ብርቱካንማ ይሆናል፤ አየር ተነፍጎ በጢስ ታፍኖ ዳግመኛ ሲተኮስ ይጠቁራል። እንዴ! ይኼማ የጀበናችን ጥቁረት አይደለም እንዴ?

ቅርጾቹንም እንይ። ሆዳቸው የተነፋ፣ አንገታቸው የረዘመ፣ ከንፈራቸው ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ነው። አንዳንዱ ነፍሰ ጡር ሴት ቀና ብላ የቆመች ይመስላል። አብዛኞቹ ርዕስ የላቸውም፤ አያስፈልጋቸውምም። እኛም የእንስራ ሆድ፣ የእንስራ አንገት፣ የማሰሮ ጆሮ እንላለን፤ ሸክላ ገላ መሆኑን ቋንቋችን ካወቀው ቆይቷል።

አንድ ቅሬታ አለን። ገጻቸው ከመጠን በላይ ከመለስለሱ የተነሣ ጣት የነካቸው አይመስሉም፤ ድካሙ ተሰውሯል። የምንወዳቸው እሳቱ እንደ ደመና ጥቁር ጥላ የጣለባቸውን ብርቱካንማዎቹን ነው። እዚያ ላይ ሠሪዋም እሳቱም አብረው ይታያሉ።

ዋናው ቁም ነገር ግን ወዲህ ነው። በ2019 በዌክፊልድ ከተማ በሄፕወርዝ ሙዚየም «የነገሮች ጉዞ» በተባለው ትርኢት የኦዱንዶ ሥራዎች ከጥንት ግሪክና ግብፅ ዕቃዎች ጎን ቆሙ። የላዲ ክዋሊም ምስል በናይጄሪያ የ20 ናይራ ኖት ላይ ታትሟል። እኛስ? በብዙው አገራችን ሸክላ ሠሪን «ቡዳ» ስንል፣ ጋብቻና መሬት ስንነፍግ ኖረናል። እንስራዋን ገዝተን ወደ ቤት አስገባን፤ እሷን ግን ከደጅ መለስናት።

ታዲያ ውሃ የማይቀዳበት እንስራ ምን ያረጋል? እኛን ቢያንስ፣ ውሃ የሚቀዳበትን እንድናይ አድርጎናል። በሚመጣው ዕረፍት ወደየአገራችን ስንገባ ገበያ ወርደን የሸክላ ሠሪዋን እጅ እንመልከት፤ ስሟንም እንጠይቅ። ተቃውሞ ያለው ይጻፍልን፤ እናስተናግዳለን።