አንድ ጣት፣ አራት ክር

የአሜሪካውያኑ ድምፃውያን ቡድን የቴምቴሽንስ «ማይ ገርል» ሲነሣ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስታውሰው የዴቪድ ረፊንን ሻከር ያለ ድምፅ ነው። ሙዚቃ አጥብቆ የሚሰማ ደግሞ ከድምፁ ቀድሞ ኖታ በኖታ ወደ ላይ የሚወጣውን የሮበርት ዋይትን ጊታር ይጠቅሳል። የዚያ ጊታር አምስት ኖታዎች የእኛው የትዝታ ሜጀር ኖታዎች ናቸው፤ ኢትዮጵያዊ ጆሮ ገና ሲሰማው የሚወደው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ዘፈኑን የሚከፍተው ግን ድምፁም ጊታሩም አይደለም። ቤዝ ጊታር ነው፤ ያውም በሁለት ኖታ ብቻ። ይመታል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይመታል።

በእነዚያ ሁለት ኖታዎች መካከል ያለውን ዝምታ ሌላ ተጫዋች ቢያገኘው ሳይሞላው አያልፍም ነበር። ይህኛው ተወው። ስለ ተወውም ጊታሩ ሲገባ የተጠበቀ እንግዳ ሆኖ ገባ። ተጫዋቹ ጄምስ ጀመርሰን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካን ካስጨፈሩት ዘፈኖች እጅግ ብዙዎቹ ከሥራቸው የእሱ ጣት አለበት፤ ሸክላው ላይ ግን ስሙ አይጻፍም ነበር።

ጣት ያልኩት ለማሳመር አይደለም። ጀመርሰን ክሩን የሚመታው በቀኝ እጁ ጠቋሚ ጣት ብቻ ነበር። ወጣት ሳለ በዲትሮይት የተማረው ቆሞ የሚመታውን ትልቁን የጃዝ ቤዝ ነው፤ ልማዱንም ይዞ ወደ ኤሌክትሪኩ ፌንደር ተሻገረ። የሙያ ጓደኞቹ ጣቱን «መንጠቆው»፣ ቤዙን «ፈንክ ማሽን» ይሏቸው ነበር። ወፍራሞቹን የላ ቤላ ክሮች ካልተበጠሱ በቀር አይቀይራቸውም። ከጊታሩ አንገት በጣም ከፍ ብለው የተወጠሩ ስለነበሩ ሌላ ሰው ልጫወትበት ቢል ጣቱ ይደክማል። ክሮቹ ከሚታሰሩበት በኩል፣ ከብረት ክዳኑ ሥር ደግሞ ስፖንጅ ነበረ። ይህ ሁሉ ተደምሮ እያንዳንዱን ኖታ ክብና ወፍራም አድርጎ ያወጣዋል፤ ወዲያውም ይቆርጠዋል። ኖታው ሳይንዛዛ ስለሚሞት ለሚቀጥለው ቦታ ይለቃል። ጀመርሰን በአንድ ምት ውስጥ ያን ሁሉ ኖታ ሲያፈስስ ዘፈኑ የማይደፈርሰው በዚህ ነው። በሁለት ጣት የሚጫወት ሰው አንደኛው ጣቱ ከሌላው መጠንከሩ አይቀርም፤ በአንድ ጣት የሚጫወተው ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ አንደበት አለው።

ጀመርሰንና ጓደኞቹ የሚሠሩበት ቤት ዲትሮይት፣ ዌስት ግራንድ ቡሌቫርድ ላይ የነበረ ተራ መኖሪያ ቤት ነው። ቀድሞ በመኪና ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ቤሪ ጎርዲ እ.ኤ.አ. በ1959 ከቤተሰቡ 800 ዶላር ተበድሮ ሞታውን የተባለውን የሙዚቃ ኩባንያ መሠረተ፤ ቤቱን ገዝቶም «ሂትስቪል ዩ.ኤስ.ኤ.» የሚል ጽሑፍ ሰቀለበት። ስቱዲዮዋ ጠባብ ነበረች፤ ከጣሪያዋ በሚንጠለጠለው ሽቦ ብዛት ሙዚቀኞቹ «የእባብ ጉድጓድ» አሏት። አብዛኞቹ በከተማው ክለቦች የበሰሉ የጃዝ ሰዎች ናቸው። ቅጂው ሲያልቅ ዘፈኑን በትንሽ ድምፅ ማጉያ ይፈትኑታል፤ ወጣቱ የሚሰማው በመኪናው ሬድዮ መሆኑን ያውቃሉና። በዚያ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ሳይጠፋ የሚሰማ ቤዝ መሥራት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው።

«ማይ ገርል» በአሜሪካ የነጠላ ዜማዎች ሰንጠረዥ አንደኛ የሆነው እ.ኤ.አ. ማርች 6 ቀን 1965 ነው። በማግስቱ አላባማ፣ ሰልማ ከተማ ውስጥ የመምረጥ መብታቸውን ሊጠይቁ የወጡ ጥቁሮች ኤድመንድ ፔተስ ድልድይ ላይ በፖሊስ ዱላና በአስለቃሽ ጭስ ተበተኑ። ዘፈኑ ስለዚህ አንድ ቃል አይናገርም፤ የፍቅር ዘፈን ነው። ሆኖም ሁለቱን ቀኖች ለያይቼ ማሰብ አልችልም። በድልድዩ ላይ እንዳያልፉ የተከለከሉት ሰዎች ወገኖች፣ ጥቁር ባለቤት ባለው ኩባንያ ያወጡት ዘፈን በየነጩ ወጣት ቤትና መኪና እየገባ ነበር። መብቱን ያስገኙት ሰልፈኞቹ ናቸው፤ ለዘፈኑ ያልሠራውን መስጠት አይገባም። ግን አንድን ሕዝብ ዝቅ አድርጎ ማየት የለመደ ሰው የዚያን ሕዝብ ምርጥ ሥራ በየቀኑ ሲሰማ ያንን እንደ ትንሽ ነገር አልቆጥረውም። ሥራው የተዝረከረከ ቢሆን ኖሮ ለማጣጣል ይመች ነበር። አልተመቸም።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 1967 እሳቱ ራሷ ዲትሮይት ደረሰ። ፖሊስ አንድ ያለፈቃድ የሚሠራ የሌሊት መጠጥ ቤት በመውረሩ የተነሣው ሁከት የ43 ሰው ሕይወት ቀጠፈ። ከዚያ በኋላ ከተማዋ የበፊቷ አልሆነችም፤ የሞታውን ዘፈንም እንዲሁ።

«ዋትስ ጎይንግ ኦን» የተባለው ዘፈን መነሻው እ.ኤ.አ. በ1969 በርክሌይ ውስጥ ፖሊስ በወጣቶች ላይ ሲዘምት ያየው የፎር ቶፕስ ቡድን አባል ኦቢ ቤንሰን ነው። የሞታውኑ ድምፃዊ ማርቪን ጌይ ወንድሙ ፍራንኪ ከቬትናም የጻፈለትን ይዞ ዘፈኑን የራሱ አደረገው። ጎርዲ አይሸጥም ብሎ ተቃወመ። ቅጂው በ1970 ተሠርቶ በጃንዋሪ 1971 ሲወጣ ግን ጎርዲ እንደተሳሳተ ታየ። ማርቪን ቤዙን ከጀመርሰን ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈለገም። ማታውን ከክለብ ፈልገው ሲያመጡት መቀመጥ እስኪያቅተው ጠጥቶ ስለነበር ወለሉ ላይ በጀርባው ተጋድሞ እንደተጫወተ ይተረካል። የትረካው ነገር እንዳለ ይሁንና ቅጂው ውስጥ የሚሰማው እጅ አንድም ቦታ አይንገዳገድም።

በ«ማይ ገርል» የቆጠበውን ሁሉ እዚህ ይለቀዋል። ኮርዱ ሊለወጥ ሲል ቀጥታ አይሄድበትም፤ በግማሽ ድምፅ ከሥሩ ወይም ከላዩ ተጠግቶ ነው የሚይዘው። እጁን ለማዛወር ጊዜ ሲፈልግ ባዶውን ክር ይመታል፤ ኖታው ከቅኝቱ ውጭ ቢሆን እንኳ በፍጥነቱ አሳምሮ ያሳልፈዋል። አንዳንዱ ምት ኖታም የለው፣ ክሩ ታፍኖ «ጥፕ» ብቻ ይላል። ይህን ሁሉ እየተንሸራሸረ የባሩን የመጀመሪያ ምት ሲጠብቅ ግን በታማኝነት ነው፤ ከላይ ያለው የማርቪን ድምፅ እንደልቡ የሚንሳፈፈው መሬቱ የት እንዳለ ስለሚያውቅ ነው። ዘፈኑ የሐዘን ጥያቄ ነው፤ ቤዙ ግን አያለቅስም፣ አይቆጣም። ይራመዳል። በዚያ ዘመን ከተጻፉት ብዙ ሐተታዎች ይልቅ ይህ አረማመድ የሰዎቹን ጽናት ነግሮኛል።

የሙዚቀኞቹ ስም በሞታውን አልበም ሽፋን ላይ በደንብ የተጻፈው ይህ ዘፈን በሚገኝበት በ1971ዱ አልበም ነው። በዓመቱ ኩባንያው ዲትሮይትን ትቶ ሎስ አንጀለስ ገባ። ጀመርሰንም ተከተለው፤ የለመደው ቡድን ግን አብሮት አልነበረም፤ መጠጡም ጎዳው። እ.ኤ.አ. በ1983 የሞታውን 25ኛ ዓመት በቴሌቪዥን ሲከበር ከተመልካቹ ጋር የተቀመጠው ትኬት ገዝቶ ነው። በዚያው ዓመት በ47 ዓመቱ አረፈ። ይህ ያሳዝነኛል፤ ያናድደኛልም።

እ.ኤ.አ. በ1989 አለን ስላትስኪ የጀመርሰንን ቤዞች ከሸክላው እየሰማ በኖታ ጽፎ አሳተመ፤ ከእሱ ብዙ ተማርኩ የሚለው ፖል ማካርትኒም በሥራው ተሳትፏል። ያን ኖታ ዘርግቶ «ዋትስ ጎይንግ ኦን»ን የሚከታተል ሰው የመጀመሪያውን አዝማች ከሁለተኛው ያስተያይ። ኮርዱ ያው ነው፣ ከበሮው ያው ነው። ቤዙ ግን እዚህ አንድ ኖታ በግማሽ ምት ይዘገያል፣ እዚያ አንድ መሸጋገሪያ ይጨመራል፣ ወዲያ ደግሞ ቀድሞ የተመታው ይታለፋል፤ ማርቪን በሁለቱም ጊዜ እኩል ተመችቶት ይዘፍናል።