«ለወሊድ» የሚለው አርእስት ስለሚሰውረው ነገር

ማርሴል ግሪዮል በ1930 የአንድ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ፣ ስቴፋን ስትሬልሲንም በ1968 ስለ ኢትዮጵያ ሕክምናና ዕፀዋት የደረሱትን ጥናት በማሳተማቸው (ዓመታቱ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ተመራማሪው ሁሉ ባለዕዳቸው ነው። ነገር ግን ከእነርሱ ወዲህ በተበራከቱት የዕፀዋት ዝርዝሮች አንድ ጉድለት ደጋግሞ ይታያል፤ ይኸውም ምጥ ለማስነሣት፣ የጀመረውን ምጥ ለማፋጠንና የእንግዴ ልጅ ለማስወጣት የሚሰጠውን ሁሉ «ለወሊድ» በሚል አንድ አርእስት ማከማቸት ነው።

ቋንቋችን ራሱ እነዚህን ጊዜያት ይለያቸዋል። «ወሯ ገባ»፣ «ምጥ ያዛት»፣ «ምጡ ጠናባት»፣ «የእንግዴ ልጁ ቀረ» ስንል አራት ልዩ ልዩ ሁኔታዎችን መናገራችን ነው። ወሯ የገባ ሴት ማሕፀኗ እንዲለሰልስላት ተልባ ትጠጣለች፤ ይህ ግን ዝግጅት እንጂ ምጥ ማስነሣት አይደለም፤ ተልባ ምጥ ለማስነሣቱም የተረጋገጠ ማስረጃ የለም።

የጊዜው ልዩነት ቀላል ነገር አለመሆኑን የሌላው ዓለም ታሪክ ያስረዳል። ኤርጎት የተባለውን የእህል ሻጋታ አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ስተርንስ በ1808 ምጥ እንዲያፋጥን አስተዋወቀው። በ1824 ግን ዴቪድ ሆሳክ ሕፃናትን መግደሉን አይቶ፣ ከወሊድ በኋላ ደም ለማቆም ብቻ እንዲሰጥ አስጠነቀቀ። መድኃኒቱ አንድ ሲሆን ጥቅምና ጉዳቱን የለየው የሚሰጥበት ሰዓት ነበረ።

ይህ ለመካነ ሰላምና በዓባይ ሸለቆ ዳር ላሉት የቦረና ደጋዎች የሕይወት ጉዳይ ነው። ሕፃኑ በእናቲቱ ዳሌ ማለፍ ሲያቅተው ምጡን የሚያበረታ መድኃኒት ቢሰጣት ማሕፀኗ ሊቀደድ ይችላል፤ ሐኪም ቤቱም ለብዙዎች ሩቅ ነው። በሐኪም ቤት እንኳ ኦክሲቶሲን የሚሰጠው በጠብታና በብርቱ ጥበቃ ነው። በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በጤና ተቋም የተወለዱት ከመቶ 26 ብቻ ነበሩ፤ ስለዚህ አብዛኛው ወሊድ በቤት ውስጥ፣ በልማድ እጅ ነበረ ማለት ነው።

ከዚህም በላይ የመድኃኒት መጻሕፍቱ በአብዛኛው የደብተሮች፣ ማለት የወንዶች ሥራ ናቸው፤ የአዋላጂቱ እውቀት ግን በቃል ይተላለፋል። እንግዲህ መዝጋቢው መድኃኒቱ በስንተኛው ወር፣ ምጥ ከመያዙ በፊት ወይስ በኋላ፣ በማን እጅና በምን ልክ እንደተሰጠ ጠይቆ ሊጽፍ ይገባዋል። ያለዚህ ዝርዝሩ የዕፀዋት መዝገብ እንጂ የባህል ጥናት ሊባል አይችልም።