ስለሚያስቅ ነቃፊ

ሰውን መንቀፍ ቀላል ነው፤ ነቅፎ ማሣቅ ደግሞ ከዚያም ይቀላል። የሰው ጆሮ ምስጋና ሲነገር ይሰለቻል፤ ነቀፌታ ሲነገር ግን ይነቃል፤ ነቀፌታውም ሣቅ የተቀላቀለበት እንደ ሆነ ሰሚው እውነት መሆኑን ሳይጠይቅ ይቀበለዋል። የሣቀ ሰው ፈርዶአልና፤ ከፈረደም በኋላ ምስክር አይጠራም። ስለዚህ የሚያስቅ ነቃፊ ስለት እንደ ያዘ ሰው ነው። ስለትን ሐኪምም ይይዘዋል፤ ወንበዴም ይይዘዋል፤ አንዱን ካንዱ የምንለየው ማንን እንደ ቈረጠና ስለ ምን እንደ ቈረጠ አይተን ነው።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ በምኖርበት ሰፈር በዓለም ባንክ የሆነ አንድ ነገር ነው። ነገሩን ከመናገሬ በፊት ግን መነሻውን ላስረዳ።

በሰፈራችን ከአስፋልቱ ገባ ብሎ በቆርቆሮ የተሠራች አንዲት ጠባብ ቤት አለች። ሦስት ቴሌቪዥኖች ተደርድረውባታል፤ ልጆቹ ፕሌይስቴሽን ቤት ይሏታል። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በጨዋታ ልክ እየከፈሉ ኳስ ይጫወቱባታል። የ14 ዓመቱ የእኅቴ ልጅም ከደንበኞቿ አንዱ ነው። ባለፈው ክረምት ይህ ልጅ አንድ ነገር ባስቈጣው ቍጥር፥ ወጡ ሲያቃጥለውም ሆነ መብራት ሲጠፋ፥ በእንግሊዝኛ አስነዋሪ ቃል መናገር ጀመረ። እናቱ ቋንቋውን ስለማታውቅ ልጇ በትምህርቱ የበረታ መስሏት ደስ ይላት ነበር። እኔ ግን ቃሉን ስለማውቀው ለብቻው ጠርቼ፥ «ይህን ማን አስተማረህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «አጎቴ፥ ስድብ እኮ አይደለም፤ ነርዱ እንደዚህ ነው የሚለው» አለና ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። እኔም ልቈጣው የተቀመጥሁት ሰውዬ፥ እውነቱን ለመናገር፥ ሣቅሁ።

ነርዱ የተባለው ጀምስ ሮልፍ የሚባል አሜሪካዊ ፊልም ሠሪ ነው። በ1980 ተወለደ፤ በዚህ ጽሕፈት የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በ2004 ለጓደኞቹ መሣቂያ እንዲሆን ስለ አንድ አሮጌ የኒንቴንዶ ጌም የሚናገር አጭር ፊልም አነሣ፤ ወዲያውም ሁለተኛ ጨመረ። በ2006 ማይክ ማቴይ የተባለ ጓደኛው ፊልሞቹን በዩቲዩብ ላይ አወጣቸው፤ ለጥቂት ሰዎች የታሰበውም ቀልድ ለዓለም ሆነ። መጀመሪያ ስሙ «ቍጡው የኒንቴንዶ ነርድ» ነበር፤ ኋላ ግን የሌሎችንም ድርጅቶች ጌም የሚነቅፍ ስለ ሆነ «ዚ አንግሪ ቪዲዮ ጌም ነርድ»፥ ማለት «ቍጡው የቪዲዮ ጌም ነርድ» ተባለ። ነርድ ማለት አሜሪካውያን በአንድ ነገር ተጠምዶ ከሰው ማኅበር የራቀውን ሰው የሚጠሩበት የፌዝ ስም ነው። ሰውዬው ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፥ መነጽር አድርጎ፥ በደረት ኪሱ እስክሪብቶ ደርድሮ፥ ቢራውን ከፊቱ አኑሮ አንድ አሮጌ ካሴት ያነሣል፤ ይጫወተዋል፤ ይናደዳል፤ ይሳደባል። ሥራው ይኸው ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም የእኅቴን ልጅ ስልክ ቀምቼ ነገሩን በዘጋሁት ነበር። ነገር ግን ደጋግሜ ባየሁት ጊዜ ከስድቡ በታች ሌላ ነገር አገኘሁ። ሰውዬው የሚነቅፈውን ነገር ያውቀዋል። የመጀመሪያው ፊልሙ «ካስልቬኒያ 2፥ ሳይመንስ ክዌስት» በተባለው ጌም ላይ ነበር። በዚህ ጌም ውስጥ ቀኑ ወደ ሌሊት፥ ሌሊቱም ወደ ቀን በተለወጠ ቍጥር ጨዋታው ቆሞ ጽሑፍ አንድ ባንድ በዝግታ ይወጣል፤ ተጫዋቹም ፊደሉ ተለቅሞ እስኪያልቅ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። የመንደሩ ሰዎች ሲጠየቁ ከሚሰጡት ምክር አንዳንዱ ሐሰት ነው፥ አንዳንዱም ትርጕም የለውም። በአንድ ስፍራ ደግሞ ለማለፍ የሚፈልግ ሰው ቀይ ክሪስታል ይዞ በገደል አጠገብ ተንበርክኮ መቈየት አለበት፤ ያን ጊዜ ዐውሎ ነፋስ መጥቶ ይወስደዋል። ይህን ሌላ ሰው ካልነገረው በቀር በራሱ አሳብ ሊደርስበት የሚችል ማን ነው? ሮልፍ ይህን ሁሉ በቃል ብቻ አይናገርም፤ ጌሙን እየተጫወተ ለተመልካቹ ያሳያል። ተመልካቹም በሣቀ ጊዜ የሚሥቀው ዐይኑ ባየው ነገር ነው።

ይህ ሥርዓት ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የቈጠረውን ቅኔ ይዞ በመምህሩ ፊት ይቀርባል። መምህሩ እስከ መጨረሻው ይሰማዋል፤ ሰምቶም ቤቱ የጐደለበትን፥ ምሥጢሩ የተበላሸበትን ለይቶ ያሳየዋል። አንዳንዱ መምህር በሚያስቅ ቃል ይነቅፍ ይሆናል፤ ጓደኞቹም ይሥቁበታል። ነገር ግን ያልሰማውን ቅኔ የሚነቅፍ መምህር ከቶ የለም፤ ቢኖርም መምህር አይባልም።

ሁለተኛም የሮልፍ ቍጣ ባለቤት አለው። ኤል ጄ ኤን የተባለ የመጫወቻ ዕቃ ድርጅት የታወቁ ፊልሞችን ስም የመጠቀም መብት እየያዘ፥ «ጆውስ»፥ «ካራቴ ኪድ»፥ «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» እያለ ጌም ያወጣ ነበር። ካሴቱ ሲገዛ ላዩ ያማረ፥ ስሙ የታወቀ ነበር፤ ውስጡ ግን ብዙ ጊዜ ችኮላ ነበር። በዚያን ዘመን፥ በ1980ዎቹ መጨረሻ፥ በአሜሪካ የአንድ አዲስ ካሴት ዋጋ 40 ወይም 50 ዶላር ያህል ነበር። እንደ ዛሬ በስልክ አይቶ መመርመር አልነበረም። ልጁ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ይሄዳል፤ በሽፋኑ ላይ ባለው ሥዕል ተማርኮ ይገዛል፤ ወደ ቤቱም ገብቶ መታለሉን ያያል። ለማን ይክሰስ? ዳኛ የለውም፤ ወላጆቹም «ጨዋታ አይደል እንዴ?» ብለው ይተዉታል። ቅቤ ነው ብሎ ሙዝ የቀላቀለበትን የሸጠልንን ነጋዴ ስንይዝ ሰፈሩን በጩኸት እንሞላዋለን፤ የልጅን ገንዘብ ያታለለውን ግን ማንም አይጠይቀውም። የሮልፍ ቍጣ የዚያ ልጅ ቍጣ ነው፤ ሃያ ዓመት ዘግይቶ የደረሰ አቤቱታ ነው። ለዚህ ነው ሣቁ ልብን የሚነካው።

እንግዲህ ምስጋናውን ከተናገርሁ ነውሩንም መሸሸግ አይገባኝም። የሰውዬው አፍ እጅግ ጸያፍ ነው። ለትልቅ ሰው ሊነገር የማይገባውን ቃል ለሕፃናት ጆሮ ያደርሰዋል። ተሟጋቾቹ «ይህ ተዋናይ ነው፤ ነርዱ ሌላ፥ ሮልፍ ሌላ ነው» ይላሉ። እውነት ነው፤ ቍጣው ቲያትር ነው፤ ሰውዬው ጽፎ፥ ተጫውቶ፥ ቀርጾ፥ ቈርጦ ቀጥሎ የሚያዘጋጀው የድካም ሥራ ነው። «ዶክተር ጄኪል ኤንድ ሚስተር ሃይድ» የተባለውን ጌም ከነቀፈ ከዓመታት በኋላ በ2010 ወደ እርሱ ተመልሶ የአጨዋወቱን ሥርዓት ዘርዝሮ አስረድቶአል፤ ወደ ፍርዱ የሚመለስ ተሳዳቢ ብዙ አይገኝም። ነገር ግን ቲያትር መሆኑን የሚያውቅ አዋቂ ነው። ልጅ የሚያየው ስድቡን ነው፤ ድካሙን አያየውም። ስድብ በአንድ ቀን ይጠናል፤ ድካም ግን ዕድሜ ይጠይቃል።

ሌላም ነገር አለ። በአሮጌው ጌም ዓለም ከሁሉ ይልቅ የተሰደበው ኢ.ቲ. የተባለው ነው። አታሪ የተባለው ድርጅት በ1982 በዚሁ ስም በወጣው ፊልም ላይ ጌም ለገና ገበያ እንዲደርስለት ሀዋርድ ስኮት ዋርሾን አዘዘው፤ የሰጠውም ጊዜ 5 ሳምንት ያህል ብቻ ነበር። ዋርሾ ሥራ የማይችል ሰው አልነበረም፤ በዚያው ዓመት የወጣውን «ያርስ ሪቬንጅ» የተባለ የተወደደ ጌም የሠራ እርሱ ነው። ኢ.ቲ. ግን ሳይሸጥ የቀረውና ከገዢ የተመለሰው እጅግ በዛ፤ በ1983ም አታሪ ከሌሎች ሸቀጦቹ ጋር በኒው ሜክሲኮ፥ በአላሞጎርዶ ከተማ ቈሻሻ መጣያ ቀበረው። በ2014 ጕድጓዱ ተቈፍሮ 1,300 ያህል ካሴቶች ወጡ። በዚያው ዓመት ሮልፍ ተመልካቾቹ ባዋጡት ገንዘብ የሠራው ረጅም ፊልም ወጣ፤ ታሪኩም በዚሁ በተቀበረው ጌም ላይ የተመሠረተ ነው፤ ዋርሾም ራሱን ሆኖ ታይቶበታል። እኔ ይህን ሳይ የተሰማኝ ይህ ነው፦ ከተሰደበው ሥራ በስተጀርባ ስም ያለው፥ ፊት ያለው ሰው ቆሞአል። 5 ሳምንት የሰጠው ጌታ ሲረሳ፥ 5 ሳምንት የደከመው ሠራተኛ 30 ዓመት ተሣቀበት። ነቃፊ ጥፋቱን ባየ ጊዜ «ማን ሠራው?» ብቻ ሳይል «ማን አስቸኰለው?» ብሎም መጠየቅ አለበት።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልመለስ። በዓለም ባንክ ስሙን የማልጠራው አንድ ወጣት አለ። ጌም መሥራትን ከማንም ሳይማር በራሱ ለመደ። በአገራችን ይህ ሙያ ገና ጅምር ነው፤ «ቅኔ ጌምስ» የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ከሚያሳድዳት የምታመልጥ ዶሮ ያለችበትን «ኩኩሉ» የተባለውን የስልክ ጌም አውጥቶ መንገድ አሳይቶአል። የእኛም ወጣት የሰፈራችንን ሚኒባስ ታክሲ የሚያስነዳ ትንሽ ጌም ሠርቶ፥ ገና ሳይጨርሰው፥ ልጆቹ እንዲሞክሩለት ወደ ፕሌይስቴሽን ቤት ይዞት መጣ። እኔም የእኅቴን ልጅ ልወስድ በዚያ ቆሜ ነበር። ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ታክሲው ግንቡን እንደ ጢስ ሰንጥቆ አለፈ። አንዱ ልጅ ስልኩን አንሥቶ ይቀርጽ ጀመር፤ ሌላው እንደ ነርዱ ጮኾ በእንግሊዝኛ ተሳደበ፤ ቤቱ በሣቅ ተናወጠ። የእኅቴ ልጅ ሣቀ። እኔም ሣቅሁ። ወጣቱ «እሺ፥ ገና እኮ ነው» ብሎ ስልኩን ተቀብሎ ወጣ። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያች ቤት አልታየም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሥራውን እንደ ተወው ሰማሁ።

አንባቢ ሆይ፥ ልዩነቱን ተመልከት። ሮልፍ ተሠርቶ ያለቀውን፥ ገንዘብ የተቀበሉበትን ነቀፈ፤ የእኛ ልጆች ግን ሊጡን እንጀራ አይደለም ብለው ሰደቡት። እርሱ ገዢውን ያታለለውን መታ፤ እኛ ከማንም አንድ ሳንቲም ያልወሰደውን መታን። እርሱ ተጫውቶ ነቀፈ፤ እኛ ሁለት ደቂቃ አይተን ፈረድን። አፉን ወሰድንለት፤ ሥራውን ተውንለት። ልጆቹን ብቻ እንዳልወቅስ የእኔ ሣቅ ከእነርሱ ሣቅ ይከብዳል፤ ልጅ ሲሥቅ ጨዋታ ነው፥ ሽማግሌ ሲሥቅ ግን ምስክርነት ነውና።

ነገሩ እንቅልፍ ስለ ነሣኝ አንድ እሑድ የእኅቴን ልጅ ይዤ ወደ ወጣቱ ቤት ሄድሁ። ይቅርታ ጠየቅሁት። ቀጥዬም፥ «ይህ ልጅ ጌምህን አንድ ሰዓት ይጫወተው፤ ከዚያ በኋላ የፈለገውን ይንቀፍ» አልሁት። ወጣቱ እያመነታ ሰጠው። ልጁም ተጫወተ። ግንቡ የሚሰነጠቀው ሁልጊዜ እንዳልሆነ፥ ታክሲው ሰው ሞልቶ ወደ ግራ ሲታጠፍ ብቻ እንደ ሆነ ደረሰበት፤ ሦስት ጊዜም ደጋግሞ አሳየው። ወጣቱ ወረቀት አምጥቶ ጻፈ፤ «ይህን ማንም አልነገረኝም» አለ። በመጨረሻ ልጁ፥ «ጌሙ ግን ውሸታም ነው፤ በጠዋት ሰልፍ የሌለበት የዓለም ባንክ ታክሲ የት አለ?» አለው። ያን ጊዜ አስቀድሞ የሣቀው ወጣቱ ራሱ ነበር።

ሥራውን ይፈጽመው እንደ ሆነ አላውቅም፤ ቃልም አልሰጠኝም፥ እኔም ቃል አላስገባሁትም። ነገር ግን ስለ አንድ ጌም ሁለት ዓይነት ሣቅ ሰማሁ፤ አንዱ ሠሪውን ከቤት አስወጣው፥ ሁለተኛው ወረቀት አስያዘው።

ስለዚህ ለመንቀፍ የሚወድ ሁሉ አፉን ከመክፈቱ በፊት ራሱን ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁን? ጥፋቱን በጣቴ ላሳይ እችላለሁን? የምመታው ያታለለኝን ነው ወይስ የሚፍጨረጨረውን? ለሦስቱ መልስ ያለው ሰው ይንቀፍ፤ ቢችልም ያስቅ። መልስ የሌለው ግን ቢያንስ ልጆች በሚሰሙበት ስፍራ ዝም ይበል። የእኅቴ ልጅ ዛሬም ወጡ ሲያቃጥለው ያንኑ ቃል ሊናገር ይጀምርና ወደ እኔ ተመልክቶ ይውጠዋል፤ ይህም ትንሽ ትርፍ አይደለም።