ስለ ላብቪው ትምህርትና ስለ ልኬት እውነተኛነት የቀረበ አጭር ሒስ

በሳይንስና በምሕንድስና ክፍሎች የምንማር ተማሪዎች የሙቀት መለኪያውን በዓይናችን እያነበብን ቁጥሩን በደብተር የምንጽፍበት ጊዜ እያነሰ ሄዷል። በዚያ ፈንታ መለኪያው በሽቦ ከኮምፒዩተር ጋር ይገናኛል፤ ኮምፒዩተሩም በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ እያነበበ ይመዘግባል፤ ግራፉንም ራሱ ይሥላል። ለዚህ ሥራ ከሚያገለግሉት መካከል በሰፊው የታወቀው ላብቪው የተባለው በሥዕል የሚሠራ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መሣሪያውን ማውገዝ ወይም ማወደስ አይደለም፤ ለጀማሪ የሚሰጥበትን አካሄድ መርምሮ አንድ ጉድለት ለማሳየት ነው። ጉድለቱም በአጭሩ ሲነገር፣ ተማሪው የፕሮግራሙን መሥራት ለልኬቱ ትክክለኛነት ማስረጃ አድርጎ መውሰድን ይለምዳል።

1ኛ. የቋንቋው አመጣጥና ጠባይ

ላብቪውን ያወጣው ጄምስ ትሩቻርድ፣ ጄፍ ኮዶስኪና ቢል ናውሊን በ1976 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በቴክሳስ፣ በኦስቲን ከተማ ያቋቋሙት ናሽናል ኢንስትሩመንትስ የተባለው ኩባንያ ነው። የመጀመሪያው እትም በ1986 ለማኪንቶሽ ኮምፒዩተር ወጣ፤ በ1992 ደግሞ በዊንዶውስ ላይ እንዲሠራ ተደረገ። ፕሮግራምን በሥዕል የመግለጽ ሐሳብ ግን ከዚህ ይቀድማል፤ ዊልያም ሰዘርላንድ በ1966 በኤም.አይ.ቲ. ለዶክትሬት ያቀረበው ጥናት በዚሁ ጉዳይ ላይ ነበር።

በላብቪው የሚሠራ ፕሮግራም ሁለት ገጽ አለው። አንደኛው የፊት ሰሌዳ ሲሆን፣ በላዩ ላይ ማዞሪያ፣ ማብሪያ፣ ቆጣሪና ግራፍ ተሥለው ይታያሉ። ሁለተኛው ከበስተጀርባ ያለው የሥራ ሥዕል ነው፤ በዚህ ላይ እያንዳንዱ ተግባር በትንሽ ሳጥን ይመሰላል፤ ሳጥኖቹም በሽቦ ይያያዛሉ። አንድ ሳጥን የሚሠራው የሚያስፈልጉት ቁጥሮች ሁሉ በሽቦዎቹ ሲደርሱለት ብቻ ነው። ስለዚህ የሥራውን ቅደም ተከተል የሚወስነው እንደ ጽሑፍ ፕሮግራም የመሥመሮች ተራ ሳይሆን የመረጃው ፍሰት ነው።

የዚህን አሠራር መልካምነት መካድ አይገባም። የማይስማሙ ሁለት ነገሮችን በሽቦ ያገናኘ ተማሪ ሽቦው ወዲያውኑ ተቆርጦ ያየዋል፤ የማስነሻው ቀስትም ተሰብሮ ይታያል። እርስ በርስ ያልተያያዙ ሁለት ሥራዎች ጎን ለጎን ሊካሄዱ ይችላሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ፕሮግራም ጽፎ የማያውቅ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን አንድ የሚንቀሳቀስ ግራፍ ይዞ ከክፍል ይወጣል። የመጀመሪያ ቀን ደስታ ለትምህርት ትልቅ ጉልበት ነው። ዳሩ ግን ይኸው ደስታ ነው የሚያዘናጋን።

2ኛ. ሥዕሉ የማያሳያቸው ሦስት ስሕተቶች

የተሰበረው ቀስት የሚነግረን የሽቦዎቹን ስሕተት ብቻ ነው። ስለ ልኬቱ ስሕተት አንዳች አይናገርም። ይህን በሦስት ምሳሌ አስረዳለሁ፤ ሦስቱም የሚደርሱት በተራ የመማሪያ ሙከራ ላይ ነው።

(ሀ) የመጠን ስሕተት። የፈላ ውሃ ሲቀዘቅዝ እንለካ። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ላይ ይፈላል፤ የክፍሉ ሙቀት 20 ዲግሪ ነው እንበል። ኬ የተባለው ዓይነት ቴርሞካፕል ለአንድ ዲግሪ ልዩነት 41 ማይክሮቮልት ያህል ይሰጣል። እንግዲህ ለ72 ዲግሪ መቀዝቀዝ የምናገኘው ጠቅላላ ለውጥ 3 ሚሊቮልት ያህል ብቻ ነው። የመቀበያው ካርድ ባለ 12 ቢት ሆኖ ከ10 ቮልት በታች ዜሮ እስከ 10 ቮልት በላይ ዜሮ እንዲለካ ተደርጎ ቢገናኝ፣ 20 ቮልቱ ለ4096 ደረጃዎች ይከፈላል፤ አንዱ ደረጃ 4.88 ሚሊቮልት ይሆናል። ይህም በቴርሞካፕሉ ሚዛን ወደ 119 ዲግሪ ነው። ከመፍላት እስከ መቀዝቀዝ ያለው ታሪክ ሁሉ በአንዲት ደረጃ ውስጥ ተውጦ ቀረ ማለት ነው።

ተማሪው ግን ይህን አያይም። የሚያየው በአካባቢው የኤሌክትሪክ ሁከት ምክንያት በሁለት ደረጃዎች መካከል የሚዘል መሥመር ነው፤ ግራፉ ራሱን ከመረጃው ጋር እንዲያስማማ ከተተወ ደግሞ ያች ዝላይ ሰሌዳውን ሞልታ እንደ ተራራ ትታያለች። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ሙከራዬ እንዲህ ያለውን መሥመር በአማካይ ማውጫ ሳጥን አለሳልሼ፣ የማቀዝቀዝን ሕግ ያሳያል ብዬ ሪፖርት ጽፌበታለሁ። ሪፖርቱ መልካም ነጥብ ማግኘቱ ዛሬም ያሳፍረኛል። ያስፈልግ የነበረው ከካርዱ በፊት የሚገባ ማጉያና፣ ቴርሞካፕሉ የሚለካው የሁለት ጫፎችን ልዩነት ስለሆነ፣ የቀዝቃዛው ጫፍ ሙቀት በሌላ መለኪያ መታወቁ ነበር። ከነዚህ አንዱም በሥዕሉ ላይ አልነበረም፤ ባለመኖሩም የተቆረጠ ሽቦ አልታየም።

(ለ) የድግግሞሽ ስሕተት። የአገራችን የመብራት ኃይል በሰከንድ 50 ዙር ይመላለሳል፤ በደንብ ባልተሸፈነ ሽቦም ወደ ልኬታችን ይገባል። ካርዱ በሰከንድ 60 ጊዜ እንዲያነብ ብናዝዘው፣ ይህ የ50 ዙር ሁከት በግራፉ ላይ በሰከንድ 10 ዙር የሚሄድ ለስላሳ ሞገድ መስሎ ይወጣል፤ 10 የ60ና የ50 ልዩነት ነውና። የምንመረምረው የሚንቀጠቀጥ ብረት ቢሆን፣ ያንን ሞገድ የብረቱ ጠባይ ነው ብለን ልንጽፍ እንችላለን። ንባቡ ከሞገዱ ከፍተኛ ድግግሞሽ እጥፍ መብለጥ እንዳለበት ከሃሪ ናይኲስት የ1928 ጽሑፍና ከክሎድ ሻነን የ1949 ጽሑፍ ወዲህ የታወቀ ነው። ሆኖም የማጣሪያ ሳጥን ከፕሮግራሙ ዝርዝር መዞ ማስገባት በጣም ቀላል ስለሆነ፣ ተማሪው ችግሩን በዚያ የሚያስወግድ ይመስለዋል። አንዴ 10 ዙር ሆኖ የገባውን ከእውነተኛው 10 ዙር ለይቶ የሚያወጣ የፕሮግራም ማጣሪያ የለም። ማጣሪያው መቆም ያለበት ከካርዱ በፊት፣ በእውነተኛው ሽቦ ላይ ነው።

(ሐ) የጊዜ ስሕተት። ጀማሪ ሁሉ በመጀመሪያ የሚማረው አንድ ሳጥን እየተደጋገመ እንዲሠራ በሉፕ መክበብና በውስጡ የ1 ሚሊሰከንድ መጠበቂያ ማስቀመጥ ነው። ከዚያም በሰከንድ 1000 ንባብ አገኘሁ ይላል። ነገር ግን ዊንዶውስ ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግድ በመሆኑ፣ ግራፉን ሲሥል ወይም ፋይል ሲጽፍ ሉፑን ያዘገየዋል። ንባቦቹ እኩል ባልሆነ ጊዜ ተወስደው በእኩል ርቀት ይሣላሉ። የጊዜው ዘንግ ሐሰት ሲሆን፣ ከእርሱ የሚሰላው ፍጥነትና ድግግሞሽ ሁሉ አብሮ ሐሰት ይሆናል። መድኃኒቱ የንባቡን ጊዜ ካርዱ ላይ ላለው ሰዓት መስጠትና ሉፑ የተጠራቀሙትን ንባቦች በጅምላ እንዲያነሣ ማድረግ ነው። ይህ ግን ብዙ ጊዜ የሚማሩት በኮርሱ መጨረሻ፣ ጊዜ ከተረፈ ነው።

3ኛ. የፊት ሰሌዳው ስለሚፈጥረው እምነት

አንድ ሰው፣ እነዚህ ሦስት ስሕተቶች በፓይተን ወይም በሌላ የጽሑፍ ቋንቋ ለሚሠራም አይቀሩም ብሎ ሊከራከር ይችላል። እውነት ነው፤ አይቀሩም። ይሁን እንጂ በላብቪው ላይ አንድ ተጨማሪ አደጋ አለ። የፊት ሰሌዳው እውነተኛ መሣሪያ ይመስላል። በኦሲሎስኮፕ ላይ ያለውን የቮልት ማዞሪያ ስናዞር በውስጡ ያለው የመግቢያ ወረዳ ይለወጣል፤ መሣሪያውንም ሠርቶ የመዘነ ሰው አለ። በኮምፒዩተሩ ላይ የተሣለው ማዞሪያ ግን ከኋላው ተማሪው ካገናኘው ነገር በቀር ምንም የለውም። ቁጥሩን በማባዣ ሳጥን ማብዛትና የካርዱን የልኬት ክልል መለወጥ በሰሌዳው ላይ ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው፤ በልኬቱ ላይ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የጽሑፍ ፕሮግራም የመሣሪያ መልክ ስለሌለው ቢያንስ እንዲህ ያለ እምነት አይለምንም።

4ኛ. ለሌላ ሰው ስለመነበቡ

የምርምር መጽሔት የሚያነብ ሰው ሊጠይቅ የሚገባው ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ሙከራውን ሌላ ሰው ደግሞ ሊሠራው ይችላል ወይ የሚለው ነው። ሥዕል ከጽሑፍ ይልቅ በቀላሉ ይነበባል የሚለው አባባል የተፈተነ ነው። ግሪን፣ ፒትሪና ቤላሚ በ1991 ባቀረቡት ጥናት የላብቪውን ሥዕል ከጽሑፍ ጋር አወዳድረው፣ ቅድመ ሁኔታ ያለበትን ፕሮግራም ለመረዳት ሥዕሉ ከጽሑፉ የበለጠ ጊዜ እንደሚወስድ አገኙ። ሥዕል በጨረፍታ ይገባል የሚለውን ሐሳብ ሳንመረምር ልንቀበለው አይገባም።

በሪፖርቶቻችን ላይ ደግሞ ከዚህ የባሰ አለ። «እንዲህ ከሆነ ይህን፣ ካልሆነ ያንን ሥራ» የሚለው ሳጥን በአንድ ጊዜ የሚያሳየው አንዱን ገጽ ብቻ ነው። ሥዕሉ በወረቀት ሲታተም ሁለተኛው ገጽ ተደብቆ ይቀራል፤ ስለዚህ የአሠራሩ እኩሌታ ሳይታተም «የፕሮግራሙ ሥዕል ከዚህ በታች ይታያል» ተብሎ ይጻፋል። ፋይሉም ያለ ላብቪው ተከፍቶ የሚነበብ ጽሑፍ አይደለም፤ በአዲስ እትም የተቀመጠውም ሆን ተብሎ ለአሮጌው ካልተለወጠ በአሮጌው እትም አይከፈትም። የቋንቋው ባለቤት አንድ ኩባንያ ሲሆን፣ ኩባንያውም በ2023 ኤመርሰን ለተባለው ድርጅት በ8.2 ቢሊዮን ዶላር ተሸጧል። ኩባንያው በ2020 ያለ ክፍያ የሚሠራበት እትም ማውጣቱ መልካም ቢሆንም፣ የተፈቀደው ለንግድም ለትምህርት ተቋምም ላልሆነ የግል ሥራ ነበር። እንግዲህ ልኬታችንን ለሚቀጥሉት ዓመታት ተማሪዎች የምናቆይ ከሆነ፣ ውጤቱን ቢያንስ በተራ የጽሑፍ ፋይል ማስቀመጥ ግዴታችን ነው።

5ኛ. ስለ ማሻሻያው

በዚህ ላይ መምህራን የሚሰጡትን መልስ አውቃለሁ። ጊዜው አንድ ሴሚስተር ነው፤ ተማሪው ገና በጀመረ ጊዜ የናሙናና የቢት ሒሳብ ቢጫንበት ትምህርቱን ይጠላዋል፤ በመጀመሪያ ይሥራ፣ በኋላ ይረዳል ይላሉ። የመጀመሪያውን ሁለት ነገር እቀበላለሁ። የመጨረሻውን ግን አልቀበልም፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና። በኋላ የሚባለው ጊዜ የመመረቂያው ጥናት ሲደርስ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ስሕተቱ ከመማሪያ ሪፖርት ወጥቶ በምርምር ውስጥ ይገባል።

የማቀርበው አሳብ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት ኮምፒዩተሩ ሳይከፈት፣ ተማሪው በመልቲሜትርና በኦሲሎስኮፕ ምልክቱን ይይ፤ የካርዱንም አንድ ደረጃ በቮልት ብቻ ሳይሆን በሚለካው ነገር ሚዛን፣ ማለት በዲግሪ ወይም በግራም፣ በእጁ ያስላ። በሁለተኛው ሳምንት አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ይለካ፤ በረዶ ያለበት ውሃ 0 ዲግሪ መሆኑን እናውቃለን፤ ፕሮግራሙ 7 ዲግሪ ካለ ስሕተቱ የማን እንደ ሆነ ይፈልግ። ከዚያ በኋላ ወደ ሥዕሉ ይግባ፤ ደስታውም አይቀርበትም።

እንደዚሁም እያንዳንዱ ሪፖርት አራት ነገር ሳይገልጽ ነጥብ ባይሰጠው እመርጣለሁ። እነዚህም የልኬቱ ክልልና የአንድ ደረጃ መጠን፣ የንባቡ ፍጥነትና ጊዜውን የሚጠብቀው ሰዓት የካርዱ ወይም የኮምፒዩተሩ መሆኑ፣ ከታወቀ ነገር ጋር የተደረገው ማመሳከሪያ፣ በመጨረሻም የተደበቁት የሥዕሉ ገጾች በቃላት መገለጣቸው ነው። ይህ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። ያን ግማሽ ገጽ መጻፍ ያቃተው ተማሪ ግራፍ እንጂ ልኬት እንደሌለው ራሱ ይረዳዋል።

ከላይ የተናገርኩትን የቋንቋው አዋቂ የሆነ አንባቢ ቢያርመኝ በደስታ እቀበላለሁ፤ በተለይም በፊት ሰሌዳው ላይ ያቀረብኩት ነቀፌታ ሊያከራክር እንደሚችል አውቃለሁ። የማልለቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። የፈላው ውሃ ሙከራዬ ዛሬም በአንድ የሪፖርት መደርደሪያ ውስጥ አለ፤ መሥመሩ ለስላሳ ነው፤ ቀስቱም አልተሰበረም። ከኋላዬ የመጣ ተማሪ አንሥቶ ቢያነበው፣ ልኬት ነው ብሎ ያምነዋል።