የቅንጠባ ሙያ

በወሎ፣ በማሻና በመካነ ሰላም ዙሪያ፣ የአንድን ጓሮ ባለቤት ሙያ ለመመዘን ጤና አዳሙን ማየት ይበቃል። ያልተያዘ ጤና አዳም እግሩ ይራቆታል፤ ግንዱ እንጨት ይሆንና ቅጠል የሚገኘው ጫፉ ላይ ብቻ ነው። በወጉ የተያዘው ከሥር እስከ ላይ ጥቅጥቅ ብሎ ክብ ይሆናል። ይህ በውሃ ብዛት የሚመጣ አይደለም። ተክሉ ከሜዲትራኒያን አገሮች የመጣ የደረቅ መሬት ልጅ ስለሆነ፣ የታቆረ ውሃ ሥሩን ያበሰብሰዋል። ዋናው ነገር ቡና በፈላ ቁጥር ጫፍ ጫፉን፣ ዛሬ ከዚህ ነገ ከወዲያ መቀንጠብ ነው፤ የተቀነጠበው ከቁርጡ በታች አዲስ ቀንበጥ ያወጣል። ወሎ ደግሞ ቡና አያቆምም፤ ቁጥቋጦው የሚገረዘው በጀበና ቀጠሮ ነው ማለት ይቻላል።

ቅጠሉን ወደ ብርሃን ከፍ ቢያደርጉት በመርፌ ጫፍ የተበሳ ያህል ነጠብጣብ ያሳልፋል። ሽታው ያለው እዚያ፣ በዘይት ከረጢቶቹ ውስጥ ነው። ስለዚህ ባለሙያዋ አታሸውም፤ አንዲት ቅንጣቢ ስኒው ውስጥ ጣል ታደርጋለች፣ የቀረውን ትኩሱ ቡና ይሠራዋል። አዲስ አበባ ውስጥ አንዳንድ ጀበና ቡና ሻጮች ግማሽ ቅርንጫፍ ሲሰኩበት ሳይ ቡናው ያሳዝነኛል። ያው ዘይት ክፉ ጎንም አለው፦ ጭማቂው የነካውን ቆዳ ፀሐይ ካገኘው ውሃ ይቋጥራል፤ ነፍሰ ጡር ሴትም ልትርቀው ይገባል።

ዳማከሴ ሌላ እጅ ይፈልጋል። ምች የመታው ሰው ራሱን ሲፈልጠውና ከንፈሩ ሲቆስል፣ ለጋ ለጋው ቅጠል ተለቅሞ ይታጠባል፤ ከዚያ በመዳፍ ሥር ጥቁር እስኪል ይታሻል። የለመደች እጅ ውሃ አትጨምርም። ያለ ውሃ የታሸው ቅጠል መጀመሪያ አረፋ ያወጣል፣ ቀጥሎ በንጹሕ ጨርቅ ሲጠመዘዝ ድፍን አረንጓዴ ጠብታ ይወርዳል። ጥቂቱ ቡና ላይ ይጠጣል፣ የቀረው ግንባርና አንገት ላይ ይታሻል። ደርቆ የተቀመጠ ቅጠል ይህን ጠብታ አይሰጥም፤ ምችም ቀጠሮ ስለማይሰጥ ዳማከሴ በር አጠገብ ይተከላል። ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ደግሞ የግድግዳው ጥግ የኅዳርን ውርጭ ይመክትለታል።

የጓሮው አጥር ደግሞ ሰንሰል ነው። ከብት ስለማይበላው ሌላውን ሁሉ ይጠብቃል። ቅጠሉ ለወፍ በሽታም ይጠጣል ይላሉ፤ እኔ ግን ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ወደ ሐኪም እንጂ ወደ አጥር አልልክም።